ልጆቿን አልበላቻቸውም

ባለቤት የሌላት ድመት የምትወልድበትን ቤት የምትመርጠው ምጧ ከመምጣቱ ቀናት ቀደም ብላ ነው። አትቸኩልም። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ የሰዉን መውጫና መግቢያ ታጠናለች። በሩ ገርበብ ሲል ሰተት ብላ ገብታ አልጋ ሥር ታያለች፣ ከሶፋ ጀርባ ታሸታለች፣ የቁም ሳጥን በር ተከፍቶ ካገኘች የታጠፈውን ብርድ ልብስ በፊት እግሮቿ ረገጥ ረገጥ አድርጋ ትሞክረዋለች። ሲያባርሯት ትወጣለች፤ ማታ ተመልሳ ትመጣለች። ሆዷ ግራና ቀኝ ሰፍቷል፣ ጡቶቿ ቀልተው ወጥተዋል። የቤቱ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ልብ አይሉም፤ "ያቺ ሌባ ድመት ደግሞ መጣች" ብለው ጫማ ይወረውሩባታል።

እኔ ይህችን እንስሳ ካከበርኳት ቆይቻለሁ። አዋላጅ የላትም፣ ገንፎ የሚያገነፋላት የለም። በጨለማ ብቻዋን አምጣ ትወልዳለች፤ እትብት ትቆርጣለች፣ ታጠባለች፣ ታሞቃለች፣ ታጸዳለች፣ ጠላት ሲመጣ ልጆቿን ታሸሻለች። ስለ እርሷ የምናወራው ግን ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ክፉው ይበዛል። "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ብለን ስሟን ለአስመሳይ ሰጥተናል። ከዚህ የባሰው ደግሞ "ልጆቿን ትበላለች" የሚለው ክስ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው፤ ቦታው ላይ ስደርስ በሰፊው እሄድበታለሁ።

በአዲስ አበባ የቆዩ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ድመት ከሁሉ አስበልጣ የምትመርጠው ኮርኒስ ነው። ቆርቆሮው የቀኑን ፀሐይ ይዞ ያመሻል፣ ቦታው ጨለማ ነው፣ ውሻም ሰውም በቀላሉ አይደርስበትም። ጉዳትም አለው። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ከቆርቆሮው ሥር ያለው አየር ለግልገሎቹ አደገኛ እስኪሆን ይግላል፤ መዳህ ሲጀምሩ ደግሞ በግድግዳውና በኮርኒሱ መካከል ባለው ክፍተት ይወድቃሉ። ሌላው ተመራጭ ቦታ ማድቤት ነው፤ ከምድጃው ጀርባ ጆንያና ማገዶ የተቆለለበት ጥግ። ኮንዶሚኒየም ላይ የደረጃ ሥር ካርቶን ወይም በረንዳ ላይ የተጣለ አሮጌ ፍራሽ ይሆናል። ሰው የሚተኛበት ክፍል ድረስ ዘልቃ ቁም ሳጥን ውስጥ የምትወልድ ድመት ግን ሰውን ከዚህ በፊት የምታውቅ ናት። ሰፈር ፈርሶ ሰው ሲነሣ፣ ተከራይ ቤት ሲለቅ፣ ድመቷ ብዙ ጊዜ እዚያው ትቀራለች። ዛሬ "የባዘነች" የምንላት ትናንት የአንድ ቤት ልጆች ስም አውጥተውላት የነበረች ልትሆን ትችላለች።

ኮርኒሱ ላይ ኮቴ ሰምተው አናጺ ጠርተው ቀዳዳውን በጣውላ የሚያስመቱ ሰዎችን እዚህ ላይ ልቆጣ። ብዙውን ጊዜ የሚደፈነው እናቲቱ ምግብ ፍለጋ በወጣችበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ከላይ ልቅሶ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሽታው ይመጣል። ቀዳዳ መድፈን የፈለገ ሰው ሁለት ወር ይታገሥ፤ ካልሆነለት ባትሪ ይዞ ወጥቶ ሳያይ አይድፈን። በእስልምና፣ ድመት ዘግታባት፣ ሳታበላት፣ ራሷ አድና እንድትበላም ሳትለቃት የገደለቻት ሴት መቀጣቷን የሚናገር ሐዲስ አለ። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የነበሩት አቡ ቀታዳም ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) የተቀዳላቸውን ውኃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለውላታል። ይህን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ቢሰማው ደስ ይለኛል።

ድመት ከ63 እስከ 65 ቀን ገደማ ታረግዛለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ትወልዳለች። ቀኑና ሌሊቱ በየወቅቱ እጅግ በሚለያይበት አገር ድመቶች የሚወልዱት በወቅት ነው፤ ቀኑ ሲረዝም ሴቷ ወንድ መፈለግ ትጀምራለች፣ ቀኑ ሲያጥር ትተወዋለች። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የእኛ ድመቶች ጥቅምትም ሆነ ሰኔ ይወልዳሉ። ሰኔና ሐምሌ የሚወለዱት ዕድላቸው የከፋ ነው፤ ዝናቡና ብርዱ ያልደረቀ ግልገል አይምርም። በክረምት ቤት ገብታ የምትወልድ ድመት የምትሸሸው ይህንን ነው።

ሰዎች የሚገረሙበት ሌላም ነገር አለ፤ የግልገሎቹ መልክ አለመመሳሰል። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ ዥጉርጉር፣ አንዱ ብርቱካናማ ሆኖ ይወለዳል። የድመት እንቁላል ቀን ቆጥሮ በራሱ አይወጣም፤ የሚወጣው ከወንድ ጋር ከተገናኘች በኋላ፣ ግንኙነቱ ራሱ ሰውነቷን ሲቀሰቅሰው ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ደግሞ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ይከተላታል። በአንድ ምጥ የተወለዱ ወንድማማቾች ሁለት ወይም ሦስት አባት ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው። ጥቁር፣ ብርቱካናማና ነጭ የተደባለቀባት ግልገል ካለች ደግሞ ሳትገለብጧት ሴት ናት በሉ። ብርቱካናማውን ቀለም የሚወስነው ዘረመል ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ወንዱ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ወይ ብርቱካናማ ይሆናል ወይ ጥቁር፤ ሁለቱን ቀለም በአንድ ገላ ላይ ለመልበስ ሁለት ኤክስ ያስፈልጋል። ባለ ሦስት ቀለም ወንድ የሚገኘው በጣም አልፎ አልፎ፣ ትርፍ ኤክስ ይዞ ሲወለድ ነው።

ምጡን በቅርብ ለማየት ዕድል ያገኘሁት በአንዲት ጎረቤታችን ጓዳ ውስጥ ነው። እማማ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው፤ ግራጫዋ ድመት የመረጠችው የባዶ ጆንያ ክምራቸውን ነበር። በሩን ገርበብ አድርገው፣ "እዚያው ሆነህ እይ። እንዳትናገር፣ መብራትም እንዳታበራ" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የአዋላጅነት መመሪያ አላውቅም። ድመቷ ትዞራለች፣ ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ኋላዋን ትልሳለች፤ እንደገና ትዞራለች። የመጀመሪያው በኋላ እግሩ መጣ። ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ የሚያስደነግጥ ነው፤ ድመት ላይ ግን እንዲህ ሆኖ የሚወለደው ብዙ ስለሆነ ማንም መደንገጥ የለበትም። የሸፈነውን ስስ ሽፋን በጥርሷ ቀደደችው፣ አፍና አፍንጫውን በሻካራ ምላሷ ደጋግማ ላሰችው፣ እርሱም ጮኸ። እትብቱን በመንጋጋ ጥርሷ ቆረጠችው። ከዚያ እንግዴ ልጁን በላችው።

ይህን ሲያይ ፊቱን የማያዞር ሰው ጥቂት ነው። እንግዴ ልጁ ግን ለብዙ ሰዓት ከቦታዋ ለማትነሣ አራስ የመጀመሪያ ምግቧ ነው፤ ቦታውም ከደምና ከሽታ ይጸዳል፣ ጅብና ውሻም ሽታውን ተከትሎ አይመጣባትም። ለእያንዳንዱ ግልገል አንድ እንግዴ ልጅ አለ፣ ሁሉንም ትበላለች። በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ የደማ ነገር ስታኝክ ያየ ሰው፣ "ልጇን ስትበላ በዓይኔ በብረቱ አየሁ" ብሎ ሲምል ውሸታም አይደለም። ያየውን አይቷል፤ የሚታኘከው ግን ልጁ አልነበረም።

በሁለት ግልገሎች መካከል ከአሥር ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቢቆይ ያለ ነው። አንዳንዴ መካከል ላይ አቁማ፣ ያሉትን አጥብታ፣ ቆይታ ትቀጥላለች። ሰው መግባት ያለበት ከግማሽ ሰዓት በላይ በኃይል እያማጠች ምንም ካልወጣ፣ ወይም ደክማ ከዕንቅልፍ እንደማትነቃ ሆና ከተዘረረች ነው፤ ያኔ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ሽፋኑን ሳትቀድለት የቀረ ግልገል ካለም በንጹሕ ጨርቅ ቀዶ አፍንጫውን ጠርጎ፣ ጀርባውን ማሸትና ወደ ጡቷ ማስጠጋት ነው። ከዚህ ውጪ ያለው እርዳታ ሁሉ እርሷን ያውካታል።

የተወለደው ግልገል 100 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ጆሮው ተደፍኗል፣ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። የሚመራው አፍንጫውና የእናቱ ገላ ሙቀት ነው። እርሷ ኩርር ስትል ባይሰማውም ንዝረቱ በቆዳው ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ቀን የሚጠባው እንገር ከበሽታ የሚከላከልለትን ነገር የያዘ ስለሆነ፣ ያን ቀን ሳይጠባ የዋለ ግልገል ኋላ ቢጠግብም ለበሽታ የተጋለጠ ይሆናል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ጡት የሚከፋፈሉበት መንገድ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ጡት ይይዛል፤ ዓይኑ ሳይገለጥ በማሽተት ብቻ ለይቶ ወደዚያው ጡት ይመለሳል። ፀብ ይቀንሳል፣ የእናቲቱም ጡት በጥፍር አይቧጨርም።

ልብሴን አበላሸችብኝ ብለው ለሚፈሩም የሚያረጋጋ ነገር አለ። ግልገሎቹ ሦስት ሳምንት እስኪሆናቸው ድረስ እናታቸው ሥራቸውን ካልላሰቻቸው ሽንትም ሆነ ዓይነ ምድር አይወጣቸውም። የሚወጣውን እርሷው ትልሰዋለች። ጤነኛ አራስ ድመት የተኛችበት ቁም ሳጥን እስከዚያ ድረስ ደረቅ ነው፣ አይሸትም። ብርድ ልብሱ የሚፈልገው በኋላ አንድ እጥበት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ክሱ ልምጣ። "ሰው ካየባት ልጆቿን ትበላለች" ይባላል። "ሰው ከነካቸው አትጠጋቸውም" ይባላል። ይህን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ማስረጃውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ማታ ነበሩ፣ ጠዋት የሉም። አጥንት አልተገኘም፣ ፀጉር አልተገኘም፣ የደም ጠብታ እንኳ የለም፤ ፍርዱ ግን "በልታቸዋለች" ነው።

አልበላቻቸውም። ወስዳቸዋለች። ድመት ልጆቿን ከቦታ ቦታ ማዛወሯ የእናትነቷ አንዱና ትልቁ ክፍል ነው። ሰው ካወካት በዚያው ሌሊት ታዛውራቸዋለች፤ ማንም ባያውካትም እንኳ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ቦታ መቀየር የተለመደ ነው። ለመውለጃ የምትፈልገው ጨለማና ሙቀት ነበር፤ ልጆቿ መራመድ ሲጀምሩ ደግሞ መንቀሳቀሻና ለምግብ የሚቀርብ ቦታ ያስፈልጋቸዋል። በቆየችበት ቦታ ቁንጫ ይራባል፣ ሽታ ይጠራቀማል፣ ወንድ ድመትም ቦታውን ይለምደዋል። ተረጋግታ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ወር የቆየች አራስ ካለቻችሁ በእናንተ እጅግ ተማምናለች ማለት ነው።

አወሳሰዷን ያየ ሰው ክሱን እንደገና አይናገርም። መጀመሪያ ብቻዋን ወጥታ አዲሱን ቦታ ትመረምራለች። ተመልሳ አንዱን ማጅራቱ ላይ በጥርሷ ትይዘዋለች፤ ያው ጥርስ አይጥ የሚገድል ነው፣ የልጇን ቆዳ ግን አይበሳውም። ግልገሉ በዚያች ቅጽበት ይዝላል። የኋላ እግሮቹን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ጅራቱን ያጥፋል፣ ድምፁን ያጠፋል። ሰው በእጁ ሲያነሣው እሪ የሚለው ያው ግልገል እናቱ አፍ ላይ ዝም ይላል። ይህ ነገር በሌሎችም አጥቢ እንስሳት ዘንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓን ተመራማሪዎች የአይጥ ግልገሎችና የሰው ሕፃናት እናታቸው ይዛቸው ስትንቀሳቀስ ማልቀስና መፈራገጥ እንደሚያቆሙ፣ የልብ ምታቸውም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አቅፋችሁ ስትቀመጡ የሚያለቅስ ሕፃን ተነሥታችሁ ስትራመዱ ዝም የሚለው ለዚሁ ነው። ለሸሺ እናት የሚፈራገጥና የሚጮህ ልጅ መሸከም አደጋ ነው፤ ልጁም በዝምታው ለራሱ ሕይወት የድርሻውን ያደርጋል።

አንዱን አድርሳ ለሁለተኛው ትመለሳለች፣ ከዚያ ለሦስተኛው። አጥር ትዘላለች፣ ጣራ ላይ ትወጣለች፣ አስፋልት ታቋርጣለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግማሾቹ አዲሱ ቦታ፣ ግማሾቹ አሮጌው ቦታ ላይ ይሆናሉ፤ ከሁሉም አደገኛው ሰዓት ይህ ነው። ሰው ብቻውን ያለውን አንድ ግልገል አይቶ "ጥላው ሄደች" ብሎ የሚያነሣውም ያኔ ነው። እርሷ ስትመለስ አታገኘውም፤ ጮኻ ትፈልገዋለች፣ ባዶውን ቦታ ታሸታለች።

እማማ ቤት የሆነውም ይኸው ነው። አንድ ጠዋት ጆንያው ላይ ምንም አልነበረም። የቤቱ ልጆች አለቀሱ፤ ለማየት የመጡት የጎረቤት ልጆች በስልክ ብልጭታ ፎቶ ሲያነሡ አምሽተው ነበርና ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። አንዷ "በልታቸዋለች፣ ሰው አየባት" አለች። እማማ ምንም አልመለሱም። ከሰዓት በኋላ የሠሩትን ወጥ ትተው ለድመቷ የተቀቀለ ሳንባ በሳህን አስቀመጡ፤ መጥታ በላች፣ ጡቶቿ እርጥብ ነበሩ። "የሚጠባ ባይኖር ጡቷ እንዲህ አይሆንም፤ ተዉአት" አሉ። ሦስቱም ግልገሎች ከኋላ ቤት፣ እንጀራ መጋገሪያው አጠገብ ከተደገፈ አሮጌ ምጣድ ጀርባ ተገኙ።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም ወገን ልናገር። ድመት የራሷን ልጅ የምትበላበት ጊዜ አለ። ሞቶ የተወለደውን ወይም ሲሞት ያየችውን ትበላዋለች፤ የሞተ ገላ ከሕያዋኑ አጠገብ ከበሰበሰ በሽታም አውሬም ይጠራባቸዋል። በጣም የተራበች፣ በጣም የተሸበረች የመጀመሪያ ወላጅም ጤነኛውን ልትገድል ትችላለች፤ ያልተለመደ ነው ግን ያጋጥማል። ደምና የተነከሰ ገላ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ የገባው ውሻ ወይም ሌላ ወንድ ድመት ነው። የምታጠባ ሴት ወንድ አትፈልግም፤ ልጆቿ ከሞቱባት ግን ቶሎ ወደ መፈለግ ትመለሳለች። የእርሱ ያልሆኑትን ልጆች የሚገድል ወንድ የሚያገኘው ጥቅም ይህ ነው። ወንድ ድመት ጣራ ላይ ሲያንጎራጉር አራሷ እንደ አራስ ነብር የምትሆነው ስለሚገባት ነው። በሩን ለእርሷ ብቻ በሚበቃት ልክ የሚተዉላት ሰዎች ትልቅ ነገር ያደርጉላታል።

የሰው እጅ ስለነካቸው ብቻ ልጆቿን የምትጥል ድመት የለችም ማለት ይቻላል። የእንስሳት ሐኪሞች ግልገል አንሥተው ይመዝናሉ፣ ይመረምራሉ፣ ይመልሳሉ፤ እናቲቱ ልሳ ትቀበለዋለች። እርሷን የሚያሸሻት ጫጫታው፣ ብልጭታው፣ የማያባራው ጎብኚ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አትንኩ የምለውም ለዚህ ነው። እናቱ የሌለች ግልገል ካገኛችሁ ደግሞ ቁሙና እዩ። ሆዱ የሞላ፣ የሞቀ፣ ዝም ብሎ የተኛ ከሆነ እናት አለችው፤ ለጥቂት ሰዓት ምግብ ፍለጋ ወጥታለች። ነገሩ የሚያሳስበው ቀዝቅዞ ሳያቋርጥ የሚጮህ ከሆነ ነው። ለማረጋገጥ በዙሪያው ዱቄት ስስ አድርጎ መነስነስ ነው፤ ከመጣች ኮቴዋ ይቀራል።

ማጅራት መያዝ የእናት ሥራ ነው። ያደገች ድመትን በማጅራቷ አንጠልጥለው የሚወስዱ ሰዎች "እናቷም እንዲህ ነው የምትይዛት" ይላሉ። እናቷ ይህን ያደረገችው ጥቂት መቶ ግራም ሳለች ነው። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በዚያ ቆዳ ላይ ስትንጠለጠል ያማታል፣ ትፈራለች። ሁለቱን እጅ ከሥር ማስገባት ያን ያህል አይከብድም።

ምግቧን በተመለከተ ዋናው ስህተት ወተት ነው። አራስ ድመት ሲያዩ ሁሉም ወተት ይዘው ይሮጣሉ። ያደገች ድመት የላምን ወተት ስኳር በደንብ ስለማትፈጭ ብዙ ጊዜ ያስቀምጣታል፤ ለግልገል ሲሰጥ ደግሞ ተቅማጡ ሊገድለው ይችላል። የሚያስፈልጋት ንጹሕ ውኃና ሥጋ ነው፣ ብዙ ሥጋ፤ ልጆቿ በብርቱ በሚጠቡበት ወቅት ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ትበላለች። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም፣ የምታገኘው ከሥጋ ነው። ሲጎድልባት ዓይኗ እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ልቧ እንደሚደክም ደግሞ በ1987 በጥናት ታውቋል። በሽሮ ፍርፍር የምትኖር ድመት ጠግባ ትራባለች። ወጥ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራምና ለድመት የወጥ ትራፊ ባትሰጡ ይሻላል። ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳንባ ርካሽ ነው፣ ልብ ከተገኘ ደግሞ ይበልጣል፤ ሁለቱንም ያለ ቅመም ቀቅሎ መስጠት ነው።

ፆም ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ብዙ ቤት ሥጋ አይገባም፣ ብዙ ሥጋ ቤቶችም ይዘጋሉ፤ ቆሻሻ መጣያው ላይም አጥንት ይጠፋል። ይህ የከተማውን እንስሳ ሁሉ ይነካል። መቀሌ አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በሁዳዴ ጅቦች የሥጋ ትራፊ ስለሚያጡ አህያ ወደ ማደን እንደሚዞሩ ከዓይነ ምድራቸው ውስጥ በተገኘ ፀጉር አሳይቷል። አራስ ድመት አህያ አታድንም፤ ያላት አይጥ፣ ወፍና የሰው ርኅራኄ ነው። ሰው ይፆማል፣ ድመት ግን አልታዘዘችም፤ ሁዳዴ ሳይገባ የተገዛ የደረቀ ዓሣ ወይም ቋንጣ ያለ በርበሬ ተዘጋጅቶ ለእርሷ ቢቀመጥ ፆሙን የሚነካ ነገር የለውም።

በሽታን ስለሚፈሩ እናቶች አጭር ቃል። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተሕዋሲ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የባዘኑ ድመቶች ሲመረመሩም አብዛኞቹ ተሕዋሲው ደርሶባቸው ተገኝተዋል። ይሁንና ተሕዋሲው ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል፤ የድመቷን ቆሻሻ በየቀኑ ሌላ ሰው ካነሣው፣ እጅም ከታጠበ አደጋው እጅግ ይቀንሳል። ድመቷን አባርራ ጥሬ ክትፎና ቁርጥ የምትበላ ነፍሰ ጡር ግን ያንኑ ተሕዋሲ በሌላ በር እያስገባችው ነው። ንክሻና ቧጨራ ካጋጠመ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይይዛል።

ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ግልገሉ ሰውን ወዳጅ ወይም ጠላት ብሎ የሚወስንበት ነው። ዓይናቸው ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ውስጥ ይገለጣል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ በቀን ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ ያዟቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ያልነካው ግልገል አድጎ የሚሸሽ ድመት ይሆናል፣ በኋላ መግራቱም ከባድ ነው። እናቲቱ ደግሞ ገና እያጠባች ሳለ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ልጆቿ ጡት እንደተዉ ማስመከን የሚፈልግ ሰው የእንስሳት ሐኪም ጋ ሊወስዳት ይችላል፤ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም የሚያስተምርበት ሆስፒታል አለው። ሴት ግልገሎቹም በአራትና በአምስት ወራቸው ማርገዝ ስለሚችሉ ጊዜ አይሰጡም።

ግልገሎቹን ማን ይወስዳል? እህል ያለው ሰው ይወስዳል። ሰውና ድመትን ያወዳጀው እህል ነው፦ ጎተራው አይጥ ጠራ፣ አይጡ የዱር ድመት ጠራ። ዛሬ በዓለም ያለው የቤት ድመት ሁሉ በኢትዮጵያም ከሚኖረው የአፍሪካ የዱር ድመት ዘር መውጣቱ ተረጋግጧል፤ ቆጵሮስ ላይ ከሰው አጠገብ ተቀብራ የተገኘች ድመትም 9,500 ዓመት ገደማ ሆኗታል። መርካቶ እህል በረንዳ ያሉ ነጋዴዎችና የወፍጮ ቤት ባለቤቶች ይህን ውል እስከ ዛሬ ያውቁታል። የሚያጠፉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግልገሉን በአንድ ወሩ ይፈልጉታል፣ ትንሽ ሲሆን ቤቱን ይለምዳል ብለው። አይጥ ማደን ግን የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው። እናት መጀመሪያ የሞተ አይጥ ታመጣለች፣ ቀጥሎ በሕይወት ያለ ታመጣና ፊታቸው ትለቀዋለች፤ ሲያመልጣቸው ይዛ ትመልሰዋለች። በአንድ ወሩ የተወሰደ ግልገል ይህን ትምህርት ሳያገኝ ይሄዳል፣ ከዚያም ባለቤቱ "ሰነፍ ድመት ገጠመኝ" ይላል።

እማማ ቤትም አንድ የእህል ነጋዴ ገና በጊዜው መጥቶ ነበር። "እማማ፣ አንዱን ይስጡኝ፣ አይጥ ጨረሰኝ" አላቸው። "ልጄ፣ ገና ከእናታቸው ትምህርት ቤት ናቸው፤ ለፋሲካ ና" አሉት። ለፋሲካ መጣ። አንዱን ብቻ አልሰጡትም፤ ሁለት ሆነው እንዲጫወቱ ብለው ወንዱንና ብርቱካናማ ያለባትን ሴት በካርቶን አስያዙት፣ ሴቷን በአምስት ወሯ ሳያስመክን እንዳይቀር አስምለው። ሦስተኛው ግልገል ከእማማ ጋር ቀረ፤ ግራጫዋ እናትም በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ተመልሳለች፣ ሳህኗ እማማ ጓዳ በር ላይ ነው።